አጉላ የምትለው ቁልፍ

ባሲማ አሳይታ ጨርሳ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ተራው የየትምወርቅ ሆነ። የኮምፒውተር ክፍሉ ጢም ብሏል። የክበቡ ልጆች፣ ወሬ ሰምተው የተጠቀጠቁት ዘጠነኛ ክፍሎች፣ ዳኛ የሆኑት መምህራን፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንዲት ስክሪን አስግገዋል። የትምወርቅ ማውሱን ከመያዟ በፊት ወደ ባሲማ ሰረቅ አድርጋ አየች። ተመልካች ፈርታ አይደለም። ቀጥሎ የምታሳየውን ነገር ባሲማ ስታየው ምን እንደምትል ስለማታውቅ ነው።

«የኔ ብራውዘር ስሙ አባይ ነው» ብላ ጀመረች። ወደኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ አሳየች። በአንድ መስኮት ሦስት ገጽ ጎን ለጎን ከፈተች። የክበቡ ኃላፊ መምህር አድማሴ ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ሲሰኩት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ አባይም ቅድም የነበረበትን ገጽ አስታውሶ ራሱ ከፈተው። ይሄን ሁሉ ባሲማም አሳይታለች። የባሲማ «ቦረና» እና የየትምወርቅ «አባይ» እስከዚህ ድረስ እኩል ናቸው።

«በመጨረሻ ደግሞ» አለች የትምወርቅ፣ «ጽሑፍ ለሚደቅቅበት ሰው ይቺ አለች።» አጉላ የምትለውን ቁልፍ ተጫነች።

ባሲማም አጉላ የምትል ቁልፍ አላት። ቅድም አሳይታ ዳኞቹ ራሳቸውን ነቅንቀውላታል። በእሷ ብራውዘር ላይ ግን የሚያድገው ፊደሉ ብቻ ነው፤ መስመሮቹ እየተጋፉ ሥዕሉን ከቦታው ያስለቅቁታል። በየትምወርቅ ላይ ግን የባዮሎጂው ገጽ እንዳለ፣ የልብ ሥዕሉም፣ ቀስቶቹም፣ ቃላቱም አብረው ሳይገፋፉ እየሰፉ መጡ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «አቦ ይመችሽ!» ሲል ሰማች። መምህር አድማሴ ሳቁ፤ ሁለቱ ዳኞች ተጠጋግተው አንሾካሾኩ።

የትምወርቅ ወደ ባሲማ ዞረች። ባሲማ አላጨበጨበችም፤ አልተቆጣችምም። ያመለጣትን አውቶቡስ ቆማ እንደምታይ ሰው ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ብቻ ትመለከት ነበር።

ውጤቱ እዚያው ተነገረ። አንደኛ አባይ፣ ሁለተኛ ቦረና። በሚያዝያ ደሴ ላይ በሚደረገው የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ውድድር ትምህርት ቤቱን ወክላ ከመምህር አድማሴ ጋር የምትሄደው የትምወርቅ ሆነች። ልጆች ሲከቧት ባሲማ ቦርሳዋን አንግታ አጠገቧ ደረሰች።

«እንኳን ደስ አለሽ። ያንቺ ይበልጣል» አለቻትና ወጣች። ስትወጣ በእጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ነበር። የትምወርቅ ይሄን አየች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነበር። በዚያ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ላይ በስም ይታወቃል እንጂ ትምህርት ቤቱ አልደረሰም። መምህር አድማሴ ደሴ በሄዱ ቁጥር ከኢንተርኔት ቤት የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ገጾችን በፍላሽ ቀድተው ያመጣሉ። ልጆቹም ኮምፒውተሩ ላይ ባለችው ሰማያዊ «ኢ»፣ ኤክስፕሎረር በሚባለው ብራውዘር፣ እየከፈቱ ያነቧቸዋል። ሌሎቹ መምህራን «ኢንተርኔት የሌለበት ብራውዘር ወንዝ የሌለበት ድልድይ ነው» እያሉ ይተርቧቸው ነበር። እሳቸው ግን የሚሰሙ ሰው አይደሉም።

አንድ ቀን በፍላሻቸው ሌላ ብራውዘር ይዘው መጡ። ምልክቱ ጅራቷን የጠቀለለች ቀበሮ ነው። ልጆቹ «ቀበሮዋ» አሏት።

«እነዚህ ባላንጣዎች ናቸው» አሉ መምህር አድማሴ። «ተጠቃሚ ይሻማሉ። ግን እርስ በርሳቸው ይማራሉ። ይሄ በአንድ መስኮት ብዙ ገጽ መክፈት ኦፔራ በሚባለው ላይ ነበር፤ ቀበሮዋ ወሰደችው። ኤክስፕሎረር ሲያንገራግር ቆይቶ እሱም አመጣው። ዛሬ ይሄ የሌለውን ብራውዘር ማን ይነካዋል? አንዱም ሌላውን አላስፈቀደም።»

«ቲቸር፣ ይሄ ስርቆት አይደለም?» ብላ የጠየቀችው ባሲማ ነበረች።

«ሐሳቡን አይቶ በራስ እጅ መሥራት ስርቆት አይባልም። ውድድር ነው። ትርፉ ለሚጠቀምበት ሰው ነው።»

ከዚያ ቪዡዋል ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምረዋቸው፣ በፍላሽ የመጡትን ገጾች የሚከፍት ብራውዘር ሁሉም በየራሱ እንዲሠራ አዘዙ። ብዙዎቹ መሀል ላይ ተዉት። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሁለቱ ጓደኛማቾች ብቻ ነበሩ። አንድ ሰሞን ባሲማ ቁልፎቹን በአማርኛ ጻፈች፤ በማግስቱ የየትምወርቅም አማርኛ ሆነ። የትምወርቅ መብራት ሲጠፋ የነበሩበትን ገጽ የሚያስታውስ ነገር ስትፈጥር ባሲማ ሳምንት ሳይሞላ ሠራችው።

«ሌባ» ትላታለች የትምወርቅ።

«ከማን ተምሬ? ባክሽ ዝም በይ፣ ቀበሮ» ትላታለች ባሲማ። ሁለቱም ይስቃሉ። አንዷ የሌላዋን ስትወስድ ፊት ለፊት ነበር፤ ወንበር ስባ፣ «አሳዪኝ እስቲ» ብላ።

ውድድሩ ሲቃረብ ግን ባሲማ ተለወጠች። «የመጨረሻዋን እስከ ዕለቱ አላሳይሽም። ፎልደሬን እንዳትከፍቺ፣ የትሜ» አለች። የትምወርቅ እሺ አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው። አንድ ዓርብ ባሲማ ከትምህርት ቤት ስትቀር የትምወርቅ በዚያው ኮምፒውተር ፊት ብቻዋን ተቀመጠች። ከጎረቤት ከተማ ከአቀስታ አልፋ አታውቅም፤ ደሴን በሬዲዮ ነው የምታውቃት። የእሷ አባይ ከቦረና አንሶ ከቀረ መቼም የማትሄድ መሰላት። ፎልደሩን ከፈተችው። አጉላ የምትለውን ቁልፍ አገኘች፣ ተጫነቻት፣ ጉድለቷን አየች። ከዚያ የእሷን ከባሲማ የበለጠ አድርጋ እስክትሠራ አላረፈችም።

መምህር አድማሴ ስርቆት አይደለም ያሉትን ቃል በልቧ ደጋግማዋለች። ቃሉ እውነት ነበር፤ ግን ልቧን አላሳረፈላትም።

ውጤቱ በተነገረ ማግስት ከሰዓት በኋላ ወደ እነባሲማ ቤት ሄደች። ቤታቸው ከመስጊዱ በታች ነው። አባቷ ሼኽ ሰዲቅ የሠፈሩን ልጆች ቁርአን ያስተምራሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲቸግረው ዱዓ የሚያስደርገው እሳቸው ዘንድ ነው። ደጃፉ ላይ የባሲማ ታላቅ እህት ፈትሂያ ተቀምጣ ምስር በጣቷ እየዳበሰች ትለቅማለች። ፈትሂያ አታይም። ዓይኗ የፈዘዘው ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው።

«የትሜ ነኝ፣ ፈትሂያ። እንዴት ዋላችሁሳ?»

«አልሐምዱሊላህ። ባሲማ ከጓሮ ናት። ከትናንት ጀምሮ አፏ ተዘግቷል፤ አንቺ ምናልባት ታስከፍቻት።»

ባሲማ የጓሮው አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። የትምወርቅ መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ሁሉ ተወችው።

«ከፍቼዋለሁ» አለች። «ፎልደርሽን። ባለፈው ዓርብ።»

«አውቃለሁ። እኔ የሰጠሁትን ስም ሳይቀር ነው የወሰድሽው።» ባሲማ የያዘችውን ነጠላ ገመዱ ላይ ልታሰጣ ዘረጋችው፤ ከገመዱ ዝቅ ብሎ መሬት ወደቀ። ጎንበስ ብላ በእጇ ፈለገችው። ለየትምወርቅ ግን ነጠላው ከባሲማ እግር አጠገብ ወድቆ ይታያታል።

«ባሲማ፣ ምን ሆንሽሳ?»

ባሲማ ወደ ደጃፉ አቅጣጫ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «ያቺን ቁልፍ ለጌጥ የሠራሁ መሰለሽ? ፊደሉ አልታይ ቢለኝ ነው። ከመስከረም ጀምሮ። መጀመሪያ የግራዬ፣ አሁን የቀኜም። ጥቁር ሰሌዳውን ካየሁ ቆየሁ። አንቺ ማስታወሻ ስታውሺኝ ሰነፍ ሆኜ መስሎሻል።»

የትምወርቅ የወደቀውን ነጠላ አንሥታ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ማስታወሻ ስታውሳት «እጅሽ ተሰበረ?» እያለች ስታሾፍባት ነበር።

«ደሴ የዓይን ሐኪም አለ» ቀጠለች ባሲማ። «ለውድድሩ ከሄድኩ አንድ ጧት አክስቴን ልጠይቅ ብዬ ሐኪሙ ዘንድ ብቅ እል ነበር። አልቀረብኝም? በቃ ቀረ።»

«ለአባትሽ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ለአባቴ? ፈትሂያን ከትምህርት ያስቀሯት እሳቸው አይደሉም? ዱዓ አስደረጉ፣ ሰው ሰብስበው ወዳጃ ተቀመጡላት፣ የናንተን ጠበል ሳይቀር አስጠመቋት። ጨርሶ ሲጠፋ ዓይኗን የበላው መጽሐፍ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ካቀረቀርኩ ‹ዓይንሽን አሳርፊ› ይሉኛል። ይሄን ከሰሙ ነገ ከቤት ነኝ።» ዞር ብላ የየትምወርቅን ክንድ ያዘች። «ለማንም እንዳትነግሪ። ማይልኝ።»

«ማርያምን።»

«እሱ ላንቺ ነው። ለኔም ማይልኝ።»

«ወላሂ» አለች የትምወርቅ።

ሰኞ ጧት ከሰልፍ በኋላ መምህር አድማሴን ኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻቸው። እቤት እናቷ ወይዘሮ ብዙዬ ልጃቸው ደሴ ልትወዳደር መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል። ለመንገድ የሚሆን ሹራብ ከአማታቸው ተውሰውላታል። የትምወርቅ ይሄን ሁሉ እያሰበች ነው የቆመችው፤ ደሴን አለማየትም አንገብግቧታል።

«ቲቸር፣ ባሲማ ትሂድ» አለች። «አጉላ የምትለው ቁልፍ የእሷ ናት።»

«ሐሳቧ የእሷ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ግን ያንቺ ነው፤ ይበልጣልም። ደንብ አልጣስሽም፣ የትምወርቅ። ነግሬያችኋለሁኮ።»

«ፎልደሬን እንዳትከፍቺ ብላኝ ነበር። እሺ ብዬ፣ ሳትኖር ከፈትኩት።»

መምህር አድማሴ ቁልፋቸውን በሩ ላይ እንደሰኩ ቆሙ። «ዳኞቹ ለምን ቢሉኝስ?»

«እንደነገርኩዎት ይንገሯቸው።»

ነገሯቸው፤ ዳኞቹም ባሲማ እንድትሄድ ተስማሙ። ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአንድ መምህር የተነገረ ነገር ለሁሉም ይደርሳል። በምሳ ሰዓት አንዱ ተረበኛ የእነየትምወርቅን ክፍል በር ከፈት አድርጎ «የሰው ወርቅ አያደምቅ!» ብሎ ሮጠ። ክፍሉ ሳቀ። ወይዘሮ ብዙዬ ሲሰሙ ሹራቡን አጣጥፈው ለአማታቸው መለሱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ባሲማ ግን ኮምፒውተር ክፍሉ ድረስ መጣች። «ስለ ዓይኔ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም። ስለ ራሴ ነው የነገርኳቸው።»

ባሲማ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ ፈልጋ ሳበች። «ሥዕሉ አብሮ እንዲያድግ ያደረግሽበትን አሳዪኝ እስቲ። በዚያ በሚገፋፋ ፊደሌ ደሴ ላይ ልዋረድልሽ ነው?»

የትምወርቅ መስመር በመስመር አነበበችላት፤ ባሲማ ጻፈችው። ጣቷ ፊደላቱን ሳታይ ያውቃቸዋል። አንድ ቦታ ላይ ተሳስታ ገጹ በሙሉ ተገልብጦ ሲመጣ ሁለቱም ሳቁ። የትምወርቅ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ፤ ባሲማ እንደማታየው ስላወቀች አልጠረገችውም።

ባሲማ ከደሴ የተመለሰችው ሐሙስ ነው። ዓርብ በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተገናኙ። የበልግ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር።

«አላሸነፍንም» አለች ባሲማ። «አንዱ ዳኛ ኢንተርኔት ከሌለ ብራውዘር ምን ይሠራላችኋል አለን። መምህር አድማሴ ተቆጡ፣ ማሻ አላህ እንዴት ተከራከሩ መሰለሽ። ግን አላሸነፍንም።»

«እሱን ተይው። ሐኪሙስ?»

ባሲማ ጫማዋን መሬት ላይ ፋቀች። «የዓይን ግፊት ነው አለኝ። በዘር የሚመጣ አለ አለኝ። የፈትሂያም እሱ ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፍ አይደለም የበላው።» ጣቷን ወደ ግራ ዓይኗ አነሣች። «የግራው አልቋል፤ አይመለስም። አምና ብትመጪ ኖሮ ሁለቱንም እናተርፍልሽ ነበር አለኝ። እንደዋዛ ነው ያለው፣ መድኃኒት ስም እንደሚነግር። የቀኙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ይቆያል። ወላጅ ይዘሽ ነይ አለኝ።»

«መቼ?»

«አሁኑኑ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ፈተናው ግንቦት መጨረሻ ነው። ከፈተናው በኋላ እነግራቸዋለሁ። አሥረኛን ካለፍኩ እንዴት ያስቀሩኛል? አሁን ብነግራቸው ግን እንደ ፈትሂያ መሆኔ ነው።»

«እስከዚያ ድረስ ዓይንሽ…»

«አብሽሪ፣ ይቆያል። የኔ ዓይን ነውኮ፣ የትሜ። ያንቺ አይደለም።» ከዚያ ረጋ ብላ ጨመረች። «ወላሂ ብለሽልኛል።»

የትምወርቅ ያን ሳምንት ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ከረመ። ባሲማ ልክ ብትሆንስ? ሼኽ ሰዲቅ ቢያስቀሯትስ? አንድ ቀን እናቷን ሽንኩርት ሲልጡ አግኝታ፣ ሰው አደራ ብሎ የነገረንን ነገር ማውጣት ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ብዙዬ ቀና አሉ። ዓይናቸው ላይ የዚያ ሹራብ ጉዳይ አሁንም አለ።

«አንድ ጊዜ የሰው ነገር የነካ፣ ሁለተኛ ከነካ ማን ያምነዋል?» አሉ።

ማክሰኞ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መምህርቷ ባሲማን ጠርተው ምንባቡን እንድታነብ አዘዟት። ባሲማ ብድግ ብላ መጽሐፉን ፊቷ ላይ ገልጣ ያዘችና ማንበብ ጀመረች። አነባበቧ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ቃል አልተደናቀፈችም። ስለ ንብ አናቢዎች አንድ አንቀጽ አነበበች። ሁለተኛውን ስትጀምር ከፊት ያሉት ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሳቅ ተነሣ። መምህርቷ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻግረው ነበርና ክፍሉ ሁሉ የከፈተው ስለ ባቡር የተጻፈውን ገጽ ነው።

የትምወርቅ ወዲያው ገባት። የሼኽ ሰዲቅ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ ቁርአን በቃሏ ስትሐፍዝ ያደገች ናት። ማን እንዳነበበላት እንጃ፣ ምንባቡን አስነብባ በቃሏ ይዛዋለች። ሙሉ መጽሐፉን ሳይሆን አይቀርም። የትኛው ገጽ እንደተከፈተ ግን ማወቅ አልቻለችም።

«ታሾፊብኛለሽ?» አሉ መምህርቷ። «ውጪ!»

ባሲማ መጽሐፉን አጥፋ፣ የዴስኮቹን ጫፍ በጣቷ እየነካች ወጣች። ክፍሉ አሁንም ይስቃል። ከእነዚያ ሁሉ ልጆች ያልሳቀችው የትምወርቅ ብቻ ነበረች፤ ብድግ ብላ እንዲህ ነው ልትል ፈልጋ መሐላዋ ያዛት። ጓደኛዋ ፊቷ ላይ የያዘችውን መጽሐፍ አስታወሰች። ባዶ ነጭ ወረቀትም ቢሆን ለእሷ ልዩነት አልነበረውም።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከመስጊዱ በታች ባለው መንገድ ወረደች። ሼኽ ሰዲቅ ከግቢያቸው ውጭ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር በቁርበት ላይ ተቀምጠው ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ። ልጆቹ የእንጨት መጻፊያ ሉሃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይጮኻል። ሽማግሌው ግን ከዚያ ሁሉ መሀል የተሳሳተውን ለይተው በአለንጋቸው ጫፍ መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ሲያዩዋት ፈገግ አሉ።

«መርሐባ ልጄ። ባሲማ ቤት ናት፣ ግቢ።»

«እርስዎን ፈልጌ ነው፣ ሼኽዬ። እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።»

ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከግቢው ውስጥ ባሲማና ፈትሂያ ሲነጋገሩ ይሰማል። ባሲማ አንዴ ሳቀች። የትምወርቅ ልትነሣ ጉልበቷን ያዘች። አሁን ብትሄድ፣ ነገ ባሲማ ወንበር ትስብላታለች፤ እሷም ማስታወሻ ታነብላታለች፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ይኖራቸዋል። ፈተናውንም አብረው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ማንም እሷን አይወቅሳትም። የባሲማ ዓይን ነው፤ ባሲማ ራሷ ብላለች።

አልተነሣችም።

ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሉሃቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ሲበተኑ ሼኽ ሰዲቅ ከቁርበቱ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ? ባሲማ ልካሽ ነው?»

«አልላከችኝም» አለች የትምወርቅ። ድምጿ እንዳይሰማ ወደ ግቢው በር ተመለከተችና ዝቅ አደረገችው። ከዚያ መልሳ ከፍ አደረገችው፤ መደበቁን ተወችው። «እንደመጣሁ ስታውቅ ሁለተኛ አታናግረኝም። ግን እርስዎ ማወቅ አለብዎት።»

ከግቢው ውስጥ ይሰማ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። የትምወርቅ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ለማየት ዘወር አላለችም። ቁርበቱ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የባሲማን ዓይን ነገር ከመስከረም ጀምራ ነገረቻቸው።